ከላይ የሚወርድ፣ ከታች የሚወጣ ውሃ፦ የሉዊጂ ማርሲሊ የሕይወት ታሪክ

ኢስታንቡል ሄዳችሁ የምታውቁ ካላችሁ ከተማዋን ለሁለት የሚከፍላትን ውሃ አይታችሁታል። ቦስፎረስ ይባላል። ርዝመቱ 31 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በጣም በሚጠብበት ቦታ ግን ከዳር እስከ ዳር 700 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በስተሰሜን ጥቁር ባሕር አለ፣ በስተደቡብ ደግሞ ማርማራ የሚባለው ትንሽ ባሕር። ከማርማራ ወዲያ በሌላ ሰርጥ በኩል እኛ አሽዶድና ሃይፋ ላይ የምንዋኝበት ሜዲትራኒያን ይመጣል። ከጥቁር ባሕር ወደቦች የሚነሳ ስንዴና ነዳጅ በመርከብ ወደ ዓለም የሚወጣው በዚህች ጠባብ በር ነው። በዓመት ወደ 40,000 የሚጠጉ መርከቦች ያልፉባታል።

መርከበኞች ግን ቦታውን ይፈሩታል። ሰርጡ እንደ እባብ የተጠማዘዘ ስለሆነ አንድ መርከብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለማለፍ ቢያንስ 12 ጊዜ አቅጣጫ መቀየር አለበት። ውሃው ደግሞ ዝም ብሎ የተኛ አይደለም። ከሰሜን ወደ ደቡብ ይነጉዳል፤ በጠባቡ ቦታ ላይ ፍጥነቱ አንዳንዴ በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ዳር ዳሩን ገባ ገባ ባሉት ቦታዎች ደግሞ ውሃው ይጠመዘዝና አዙሪት ሠርቶ ወደ ኋላ ይመለሳል። አስቡት፤ የረጅም መርከብ ፊቱ አንዱ ፍሰት ውስጥ፣ ጀርባው ሌላው ፍሰት ውስጥ ሲገባ መርከቡ ሳይፈልግ ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ1979 በሰርጡ ደቡባዊ መግቢያ ላይ ኢንዴፔንደንታ የተባለች የሩማንያ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጭታ ከ40 በላይ መርከበኞች ሞተዋል። እሳቱም ለሳምንታት ሲነድ ነበር። እዚያ ቦታ ላይ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው።

ይሄ ሁሉ እንግዲህ ከላይ የሚታየው ነው። ከታች ሌላ ታሪክ አለ። ከላይ ውሃው ወደ ደቡብ ሲወርድ፣ ከሥሩ ሌላ ውሃ በተቃራኒው ወደ ሰሜን ይወጣል። በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ ሁለት ወንዝ ማለት ነው፤ አንዱ በአንዱ ላይ። ይህን በመሣሪያ ለክቶ፣ ምክንያቱንም በሙከራ ያሳየው የመጀመሪያው ሰው ሉዊጂ ፈርዲናንዶ ማርሲሊ ይባላል። ያኔ ገና የ21 ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ በኋላ ያሳለፈው ሕይወት ደግሞ ከባሕሩ ባልተናነሰ የተገለባበጠ ነው።

የቦሎኛው ልጅ

ማርሲሊ በጣሊያን አገር በቦሎኛ ከተማ በ1658 ተወለደ። ቤተሰቡ የመኳንንት ወገን ነበር። በዚያን ጊዜ እንደ እሱ ያለ ልጅ ፈረስ መጋለብና ጎራዴ መምዘዝ ከቻለ ይበቃው ነበር። እሱ ግን ዕውቀት ወዳድ ነበር። ቦሎኛ ላይ ያኔ ታላላቅ ሊቃውንት ነበሩ። ደም በሰውነታችን ውስጥ በጣም ቀጫጭን በሆኑ ሥሮች እንደሚዘዋወር በማይክሮስኮፕ ያየው ማልፒጊ አንዱ ነው። ሌላው የሒሳብና የከዋክብት ሊቅ የነበረው ሞንታናሪ ነው። ማርሲሊ ከእነዚህ ሰዎች ሥር ሥር እያለ ተማረ። ከእነሱ የያዘው ትልቁ ነገር አንድ ልማድ ነው፤ የተባለውን ከመድገም በፊት በዓይን ማየት፣ በእጅ መለካት።

በእኛ አገር ከሠራዊት የሚወጡ ወጣቶች ሻንጣቸውን አዝለው ወደ ህንድ ወይም ወደ ደቡብ አሜሪካ እንደሚሄዱ ታውቃላችሁ። ማርሲሊም በዚያው ዕድሜው ዓለምን ማየት አማረው። በ1679 ቬኒስ አዲስ አምባሳደር ወደ ቁስጥንጥንያ ትልክ ነበርና ከእሱ ጋር ተሳፍሮ ሄደ። ቁስጥንጥንያ የዛሬዋ ኢስታንቡል ነች፣ የቱርክ ሱልጣን መናገሻ። እዚያም አንድ ዓመት ያህል ተቀመጠ።

ያ ዘመን ክርስቲያን ነገሥታትና ቱርኮች እርስ በርስ የሚፈሩበት ዘመን ነበር። ብዙው አውሮፓዊ ስለ ቱርክ የሚያውቀው ከወሬ ነው። ማርሲሊ ግን የአገሬውን ሊቃውንት ቤት ድረስ እየሄደ ይጠይቅ ነበር። ሁሴን ሄዛርፌን ከሚባል የተከበረ የቱርክ ምሁር ጋር ተዋወቀና ከእሱ ብዙ ተማረ። ስለ ሠራዊቱም፣ ስለ ግብሩም፣ ስለ ባሕሩም፣ ስለ ቡናውም ጠየቀ። ቡና! የእኛ ቡና ከኢትዮጵያ ተነስቶ በየመን በኩል ቱርክ ደርሶ ከተማውን ሁሉ ይዞት ነበር፤ ለብዙው አውሮፓዊ ግን ገና እንግዳ ነገር ነበር። ቡናን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ገመዱና ቡሾቹ

ቦስፎረስ ላይ በጀልባ ሲንሸራሸር ማርሲሊ ውሃው ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ እንደሚሮጥ አየ። ዓሣ አጥማጆቹ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚሉት፤ መረባቸውን በጥልቀት ሲጥሉት ከላይ ወደሚሄደው ውሃ ሳይሆን በተቃራኒው ይሳባል። ወሬው አዲስ አልነበረም። ከእሱ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት የነበረው ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስም ከዓሣ አጥማጆች ሰምቶ ጽፎታል። በቁስጥንጥንያ የነበረው የእንግሊዝ አምባሳደርም ለማርሲሊ ይህንኑ ነግሮታል። ስለዚህ ነገሩ ይታወቅ ነበር፤ ግን ለአንድ ሺህ ዓመት ወሬ ሆኖ ነው የቀረው። የተማረው ሰው የዓሣ አጥማጅ ተረት ብሎ ያልፈዋል፤ ዓሣ አጥማጁ ደግሞ መረቡን ይጥላል እንጂ መጽሐፍ አይጽፍም።

ማርሲሊ ሁለቱን አገናኘ። ያደረገው ነገር በጣም ቀላል ነው። ረጅም ገመድ ወሰደ። በገመዱ ጫፍ ላይ ከባድ እርሳስ አሰረ። በገመዱ ላይ ደግሞ ከታች እንዲታዩ ነጭ ቀለም የተቀቡ ቡሾች እየለየ አንጠለጠለ። ከዚያ ከጀልባው ላይ ቀስ እያለ ወደ ታች ለቀቀው። ከላይ ያሉት ቡሾች ውሃው ወደሚሄድበት ወደ ደቡብ ተወሰዱ። ወደ ታች ሲወርድ መጎተታቸው እየቀነሰ መጣ። ይበልጥ ሲወርድ ቡሾቹ ዞሩ፤ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጥቁር ባሕር ተሳቡ። ዓሣ አጥማጆቹ እውነታቸውን ነበር።

እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ዛሬ ስሙን አናነሳም ነበር። ጥያቄው ለምን? የሚለው ነው። ማርሲሊ ከተለያየ ቦታና ጥልቀት ውሃ ቀዳ። ከዚያ በትንሽ የመስታወት ብልቃጥ ክብደቱን መዘነ፤ ብልቃጧ ጨዋማ ውሃ ላይ ከፍ ብላ ትንሳፈፋለች፣ ቀለል ያለ ውሃ ላይ ደግሞ ዝቅ ትላለች። ውጤቱ ግልጽ ነበር። የጥቁር ባሕር ውሃ ቀላል ነው፤ ከሜዲትራኒያን በኩል የሚመጣው ከባድ ነው።

ምክንያቱን ዛሬ በደንብ እናውቀዋለን። ወደ ጥቁር ባሕር እንደ ዳኑብና ዲኒፐር ያሉ ታላላቅ ወንዞች ይገባሉ። ስለዚህ የላይኛው ውሃው በአንድ ኪሎ ውስጥ 18 ግራም ያህል ጨው ብቻ ነው ያለው። በሜዲትራኒያን ምሥራቃዊ ክፍል ደግሞ ፀሐዩ ኃይለኛ፣ ወንዙ ጥቂት ስለሆነ ጨዉ ከ38 ግራም በላይ ይደርሳል። ወንዞቹ ጥቁር ባሕርን ስለሚሞሉት ትርፉ ከላይ በኩል ወደ ደቡብ ይፈስሳል። ከባዱ ጨዋማ ውሃ ደግሞ ከሥር ሰርጎ ወደ ሰሜን ይገባል። ያለዚያ የታችኛው ፍሰት ጥቁር ባሕር ከብዙ ዘመን በፊት ጨዉ አልቆ ሐይቅ ይሆን ነበር።

ማርሲሊ አገሩ ተመልሶ አንድ ነገር ሠራ። ሣጥን አሠርቶ መሐሉን በግድግዳ ከፈለው። ግድግዳው ላይ ሁለት ቀዳዳ አደረገ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። በአንዱ ወገን ጨዋማ ውሃ ቀለም ነክሮ ሞላ፣ በሌላው ወገን ቀለል ያለውን ውሃ። ቀዳዳዎቹ ሲከፈቱ ቀለም ያለው ከባድ ውሃ በታችኛው ቀዳዳ ወደ ማዶ ገባ፤ ቀላሉ ውሃ በላይኛው ቀዳዳ ወደ ወዲህ መጣ። ቦስፎረስን በሣጥን ውስጥ ከተተው ማለት ነው! ይህን ቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ፤ ጨው፣ ቀለምና በመሐል የተከፈለ ዕቃ ነው የሚያስፈልገው። ዛሬም የውቅያኖስ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ሲጀምሩ ይህን የመሰለ ሙከራ ይሠራሉ።

በ1681 ሁሉንም ጽፎ በሮም አሳተመው። ጽሑፉ ለክሪስቲና፣ ዙፋኗን ትታ ሮም ትኖር ለነበረችው ለቀድሞዋ የስዊድን ንግሥት በደብዳቤ መልክ የቀረበ ነው። ያኔ ደራሲው ከእኔ ከዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ በአንድ ዓመት ቢበልጥ ነው።

ቡና አፍዪው ምርኮኛ

እንዲህ ዓይነት ሥራ ከሠራ በኋላ ቁጭ ብሎ ሊቅ ይሆናል ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። አልሆነም። በ1682 ወደ ቪየና ሄዶ የንጉሠ ነገሥት ሊዮፖልድ ወታደርና መሐንዲስ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1683፣ የቱርክ ሠራዊት ቪየናን ሊይዝ መጣ። ማርሲሊ ራባ በሚባለው ወንዝ አጠገብ ምሽግ ይጠብቅ ነበር። እዚያው ቆሰለና በታታር ፈረሰኞች እጅ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ ባሪያ ሆነ። የመኳንንቱ ልጅ፣ ለንግሥት መጽሐፍ የጻፈው፣ ለአንድ ፓሻ ተሸጠ። ሥራው ምን ነበር መሰላችሁ? ቡና ማፍላት። ቪየና በተከበበችበት ጊዜ በቱርኮች ሰፈር ውስጥ ለወታደሮቹ ቡና ያፈላ ነበር። የራሱ ወገኖች በከተማው ግንብ ውስጥ ሲራቡና ሲዋጉ እሱ ከውጭ ሆኖ ያይ ነበር። በመስከረም ወር ቱርኮች ተሸንፈው ሲሸሹ ምርኮኛውንም ይዘውት ሄዱ። በመጨረሻ ሁለት ድሃ የቦስኒያ ወንድማማቾች ገዙት። ከእነሱ ጋር የሚኖር ሌላ ቱርክ ደግሞ ሌሊት ሌሊት እንዳያመልጥ በጎጆው መሐል ከተተከለ እንጨት ጋር በሰንሰለት ያስረው ነበር። ቤዛው ተከፍሎ ነጻ የወጣው በ1684 ነው።

ነጻ ሲወጣ መጀመሪያ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ ይገርማል። በ1685 ቪየና ላይ ስለ ቡና ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ከሁሴን ሄዛርፌን ያገኘውን ጽሑፍም በውስጡ አስገባ። ሌላ ሰው ቢሆን ቡና በሸተተው ቁጥር ሰንሰለቱ ትዝ ይለው ነበር። ማርሲሊ ግን ባሪያ ሆኖ የሠራውን ሥራ ወደ ዕውቀት ቀየረው።

ቡዳ

ስለ ታላላቅ ሰዎች ስንጽፍ መልካሙን ብቻ መርጠን እንጽፋለን። እኔ ይህን መዝለል አልፈለግኩም። በ1686 የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ቡዳን፣ የዛሬዋን ቡዳፔስት፣ ከቱርኮች ወሰደ። ማርሲሊ በከበባው ላይ ከመሐንዲሶቹ አንዱ ነበር። በቡዳ ከቱርኮች ጋር በሰላም የሚኖሩ አይሁድ ነበሩ፤ ከተማቸውንም አብረው ተከላክለዋል። ከተማው ሲወድቅ ብዙዎቹ ተገደሉ፤ የተረፉት ተማርከው ተወሰዱ። በሌሎች ከተሞች የነበሩ አይሁድ ገንዘብ አዋጥተው ከምርኮኞቹ ብዙዎችን አስለቀቁ። እኛ ቤት ፒድዮን ሽቩዪም የሚባለው ትልቅ ሚጽዋ ማለት ይህ ነው፣ የምርኮኛ ቤዛ።

ማርሲሊ በዚያ ቀን በፍርስራሹ መሐል መጻሕፍት ሲሰበስብ ነበር። ከመስጊድና ከቤተ መንግሥት ከእሳት የተረፉትን ብራናዎች ለቀመ፤ ብዙዎቹ ዛሬ ቦሎኛ ውስጥ አሉ። ስለ መጻሕፍቱ እናመስግነው? መጽሐፉ ከእሳት ዳነ፣ የመጽሐፉ ባለቤት ግን ተገደለ ወይም ተማረከ። ሁለቱም በአንድ ቀን ሆነ። እኔ በአንዱ ሌላውን መሸፈን አልችልም። እሱም ራሱ ከሁለት ዓመት በፊት በሰንሰለት የታሰረ ሰው ነበር፣ ያን ቀን ግን ከአሸናፊዎቹ ጋር ነው የቆመው።

የተሰበረው ጎራዴ

ጦርነቱ በ1699 በካርሎቪትዝ ስምምነት ሲያበቃ ማርሲሊ አዲሱን የሁለቱን መንግሥታት ድንበር እንዲያሰምር ተሾመ። ቱርክን የሚያውቅ ከእሱ የተሻለ ሰው አልነበረም። ወንዝ ለወንዝ፣ ተራራ ለተራራ እየዞረ ካርታ ሠራ። በዚያ ጉዞ ነው እነዚያን ሁለት ወንድማማቾች፣ የድሮ ጌቶቹን፣ ፈልጎ ያገኛቸው። የፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ ጸሐፊ የነበረው ፎንቴኔል ስለ ማርሲሊ በጻፈው የሕይወት ታሪክ እንደሚለው፣ ሊበቀላቸው አይደለም የፈለጋቸው። ለአንደኛው ከቱርኮቹ ታላቅ ሹም ለምኖ ጉልት አሰጠው።

ከዚያ ደግሞ ዕጣው እንደገና ተገለበጠ። በ1703 ማርሲሊ በራይን ወንዝ ላይ ባለው በብራይዛኽ ምሽግ ምክትል አዛዥ ነበር። ፈረንሳዮች ከበቧቸው። ምሽጉ በጥቂት ቀናት ውስጥ እጁን ሰጠ። ንጉሠ ነገሥቱ ተቆጣ፤ የጦር ፍርድ ቤት በ1704 ፈረደ። ዋናው አዛዥ አንገቱ ተቀላ። ማርሲሊ ማዕረጉ ሁሉ ተገፈፈ፤ ጎራዴውም ውርደቱን ለማሳየት ተሰበረ። ከ20 ዓመት በላይ ያገለገለው ጌታ በዚህ ሸኘው። እሱ ግን ጥፋቱ የእኔ አይደለም፣ ምሽጉን የሚከላከል በቂ ኃይል አልነበረንም ብሎ ተከራከረ፤ አልተሰማም።

45 ዓመቱ ነበር። በጦር ሜዳ ያጠራቀመው ስም ሁሉ በአንድ ቀን ሄደ። እና ምን አደረገ? ወደ ባሕር ተመለሰ።

የካሲስ ባሕር

በደቡብ ፈረንሳይ፣ ከማርሴይ አጠገብ፣ ካሲስ የምትባል ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር አለች። ማርሲሊ ከ1706 ጀምሮ እዚያ ተቀመጠ። ቦስፎረስ ላይ የጀመረውን እንደገና አነሳው። ከዓሣ አጥማጆች ጋር በጀልባቸው ይወጣል፤ የውሃውን ሙቀት ይለካል፤ ውሃ ቀድቶ ጨዉን ይመዝናል፤ ጥልቀቱን በገመድ ይለካል፤ ፍሰቱ ወዴት እንደሆነ ይመለከታል። የባሕሩ ወለል ከባሕር ዳርቻው ተነስቶ ቀስ እያለ እንደሚወርድ፣ ከዚያ ግን በድንገት ወደ ገደል እንደሚገባ አገኘ። ዛሬ የአህጉር ጠርዝ የምንለውን ማለት ነው።

ተሳስቷልም። ቀይ ኮራል ከውሃ አውጥቶ በባሕር ውሃ በተሞላ ዕቃ ውስጥ ሲያስቀምጠው ነጫጭ ነገሮች እንደ አበባ ሲፈኩ አየ። ኮራል ተክል ነው፣ አበባውን አገኘሁት ብሎ በደስታ ጻፈ። ከእሱ በኋላ የመጣው ፔይሶኔል የተባለ የማርሴይ ሰው አበባ የተባሉት ትንንሽ እንስሳት መሆናቸውን አሳየ። ማርሲሊ ያየው ነገር ትክክል ነበር፤ ስሙን ነው የተሳሳተው።

ፎንቴኔል ከጻፋቸው ነገሮች ሁሉ እኔን የነካኝ በማርሴይ ወደብ የሆነው ነው። በዚያ ጊዜ የፈረንሳይ ንጉሥ መርከቦችን የሚቀዝፉት እስረኞች ነበሩ፤ ከእነሱም መሐል የተማረኩ ቱርኮች ነበሩ። አንድ ቀን ከቀዛፊዎቹ አንዱ ማርሲሊን አወቀው። በቦስኒያ ጎጆ ውስጥ ሌሊት ሌሊት በሰንሰለት ያስረው የነበረው ያ ሰው ነው! አሁን ሰንሰለቱ በእሱ እግር ላይ ነበር። ሰውየው ፈራ፤ ምሕረትም ለመነ። ማርሲሊ ለንጉሡ ሚኒስትር ጽፎ ሰውየውን ነጻ አስወጣውና ወደ አልጄርስ ተሳፈረ። ሰውየውም ከዚያ ሆኖ በአገሩ ላሉት ክርስቲያን ባሮች የተሻለ አያያዝ እንዳስገኘላቸው ጻፈለት።

ለአገሩ የተወው

ወደ ቦሎኛ ሲመለስ ማርሲሊ ያለውን ሁሉ ለከተማው ሰጠ፤ መጻሕፍቱን፣ መሣሪያዎቹን፣ ድንጋይና ዛጎሎቹን፣ ከቱርክ አገር ያመጣቸውን ብራናዎች። በ1712 ይህ ስጦታ የቦሎኛ የሳይንስ ተቋም መሠረት ሆነ። ተቋሙ የነበረበት ሕንፃ ፓላጾ ፖጂ ይባላል፤ ዛሬ የዩኒቨርሲቲው ሙዚየም ነው። ማተሚያ ቤትም አቋቋመ፤ ከላቲንና ከግሪክ ፊደል ሌላ የዕብራይስጥና የዓረብኛ ፊደል ጭምር የነበረው። የራሱን ምርኮኛነት ለማስታወስም በቦሎኛ በቱርክ አገር ለተያዙ ምርኮኞች ቤዛ የሚሆን የገንዘብ ሣጥን አስቀመጠ። ስለ ቡዳ ካነበብኩ በኋላ ይህን ሳነብ ምን ማለት እንዳለብኝ አላወቅኩም። የራሱን ሕመም አልረሳም፣ ያ ትልቅ ነገር ነው። ግን የእኛዎቹ ምርኮኞች በዚያ ሣጥን ውስጥ አልነበሩም።

በ1722 ወደ ለንደን ሄዶ ከአይዛክ ኒውተን ጋር ተገናኘ። ከዚያ ሆላንድ ገባ፤ በዘመኑ ታዋቂ የነበረው ሐኪም ቡርሃቬ መግቢያ ጻፈለትና በ1725 ስለ ባሕር ያጠናውን ሁሉ በአምስተርዳም አሳተመ። ሙሉ በሙሉ ስለ ባሕር ሳይንስ ብቻ የተጻፈ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው ይባላል። በሚቀጥለው ዓመት ስለ ዳኑብ ወንዝ ስድስት ትልልቅ ቅጽ አወጣ። በእርጅናው ወደ ካሲስ ባሕር ተመልሶ ነበር፤ ሲታመም ግን ወደ ቦሎኛ መጣና በ1730፣ በኅዳር ወር መጀመሪያ፣ በ72 ዓመቱ አረፈ።

ከሞተ በኋላ

ስለ ታችኛው ውሃ የጻፈው ወዲያው ሁሉም አልተቀበለውም። በ19ኛው መቶ ዘመን እንኳን የታችኛው ፍሰት የለም የሚሉ መርከበኞች ነበሩ። በ1881 እና በ1882 ማካሮቭ የተባለ የሩሲያ የባሕር ኃይል መኮንን ታማን በምትባል መርከብ ቦስፎረስ ላይ ሆኖ በራሱ በሠራው መሣሪያ ለካ። ማርሲሊ ከ200 ዓመት በፊት በገመድና በቡሽ ያገኘውን አገኘ። ዛሬ ይህ ዓይነቱ የሁለት ፎቅ ፍሰት በሌሎች ሰርጦችም ይታወቃል። በጂብራልታር ከአትላንቲክ ቀለል ያለው ውሃ ከላይ ይገባል፣ የእኛ የሜዲትራኒያን ጨዋማ ውሃ ከሥር ይወጣል። በባብ ኤል መንደብም በክረምት የቀይ ባሕር ጨዋማ ውሃ ከሥር ሾልኮ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ይፈስሳል፤ ከላይ ደግሞ የውጭው ውሃ ይገባል። ሦስቱም ቦታዎች መርከብ የሚተራመስባቸው ናቸው።

ይህን ታሪክ ለመጽሔታችን የመረጥኩት ስለ ባሕር ብቻ ብዬ አይደለም። እኛ ወጣቶች ዩኒቨርሲቲ ገብተን መለካት፣ ማስላት፣ መጻፍ እንማራለን። ቤታችን ውስጥ ግን ማንም ያልጻፈውን የሚያውቁ ሰዎች አሉ። አያቶቻችን የዝናቡን፣ የእህሉን፣ የመድኃኒቱን፣ በሱዳን በኩል በእግር የመጡበትን መንገድ ያውቃሉ። አንዳንዶቻችን ተረት ብለን እናልፈዋለን፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ ሽማግሌ ያለው ሁሉ ልክ ነው ብለን ሳንመረምር እንቀበላለን። ማርሲሊ ሁለቱንም አላደረገም። ዓሣ አጥማጁን በአክብሮት ሰማው፣ ከዚያ ገመዱን ይዞ ወደ ጀልባው ገባ። ዓሣ አጥማጁን ባይሰማ ኖሮ ገመዱን የሚጥልበት ምክንያት አይኖረውም ነበር፤ ገመዱን ባይጥል ኖሮ ደግሞ የዓሣ አጥማጁ ዕውቀት ሌላ ሺህ ዓመት ወሬ ሆኖ ይቆይ ነበር።

የሚቀጥለው ሰንበት ከመግባቱ በፊት ወይም ከወጣ በኋላ፣ ቡና ሲፈላ፣ ከአያታችሁ አጠገብ ቁጭ በሉና አንድ ነገር ጠይቁ። መልሱንም ጻፉት። ቦስፎረስ ላይ አሁን ይህን በምታነቡበት ሰዓት መርከቦቹ ያልፋሉ፤ ከላይ ያለው ውሃ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ከሥር ያለው ማንም ሳያየው ወደ ሰሜን ይወጣል።